ቡፌው ጌም ሲሆን

ሞያሌ ላይ የተሰበረ ዕቃ ባለቤት የሚያገኘው አንድ ሰው «ይሄን ትሸጥልኛለህ?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ ዝናብ ሲመታው፣ ዶሮ ሲያድርበት፣ ልጆች እሱን እየረገጡ አጥር ሲዘሉ ቢከርም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጥያቄው ከአፍህ ሲወጣ ግን ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ ይላል። ዕቃውን ዞሮ ያየዋል፤ አቧራውን በእጁ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል፤ ከዚያ አንገቱን እየነቀነቀ «ይሄ እኮ የጀርመን ነው» ይላል። የጀርመን ካልሆነ የጃፓን ነው። የተሰበረ የቻይና ዕቃ እዚህ ከተማ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቻይና የሚሆነው አዲሱ ብቻ ነው።

ይህን የታዘብኩት የእህቴ ልጅ «የጌም ማሽን እንሥራ» ብሎ በያዘኝ ሰሞን ነው። ማሽን ሲል ስልክ ላይ የሚነካካውን ማለቱ አልነበረም። ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ደረቱ ላይ ስክሪን፣ እምብርቱ አካባቢ ማንሻና ቁልፍ ያለው፣ ሳንቲም ሲጎርስ የሚነቃ፣ በፈረንጅ ፊልም የምናየው ሳጥን ነው። ሐሳቡን ያመጣው ራሱ ከስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ «ኬይንስ አርኬድ» የሚባል አጭር ፊልም አለ። ኬይን የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ አባቱ ያገለገለ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሱቅ ተቀምጦ፣ ከባዶ ካርቶን ሙሉ የመጫወቻ ቤት ሲሠራ ያሳያል። የዋጋ ተመኑን ነጋዴ ሁሉ ቢያጠናው ይጠቅመዋል፦ በ1 ዶላር 4 ጊዜ መጫወት፣ በ2 ዶላር ደግሞ 500 ጊዜ።

«ጋሼ፣ እሱ በካርቶን ከሠራው እኛ በእንጨት እንዴት ያቅተናል?» አለኝ። ልጁ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ እንጨት ከዛፍ እንጂ ከነጋዴ የሚገኝ አይመስልም።

ከተማችንን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልናገር። ሞያሌ ሁለት ናት። አንዷ ኢትዮጵያ ውስጥ ናት፤ ሌላዋ፣ እኔ ሱቅ የከፈትኩባት፣ ኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምንርቅ ከሁለቱም ወገን የሚመጣ ዕቃ እኩል ደክሞት ነው የሚደርሰን። ቦረናው፣ ገብራው፣ ጋሪው፣ ቡርጂው፣ ሶማሌው፣ አማርኛ ተናጋሪውና ከታች አገር፣ ከናይሮቢ በኩል፣ የመጣው ሁሉ አንድ ሻይ ቤት ይቀመጣል። ሒሳብ ሲመጣ በየትኛው ቋንቋ ዝም እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ መጥተው የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ግቢ የሚሠሩበትን የድንበር ጣቢያ መርቀውልናል። በዚያ የሚያልፍ መኪና ኢትዮጵያ ሲገባ ቀኙን፣ ኬንያ ሲገባ ግራውን ይይዛል። የእጅ ጋሪ ግን በሁለቱም አገር የሚሄደው መሃል መንገዱን ነው።

አዲስ አበባ ቢሆን ችግር አልነበረም። መርካቶ ምናለሽ ተራ አለ፤ ጎማው በረባሶ፣ በርሜሉ ምድጃ ሆኖ የሚወጣበት፣ የጠፋብህ ብሎን ወንድሙ የሚገኝበት። ናይሮቢ ደግሞ ካሙኩንጂ አለ፤ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ውሎ ሳጥንና ድስት የሚሆንበት። እኛ በመካከል ያለነው ምናለሽም ካሙኩንጂም የለንም። ያለን የሰው ጓሮ ነው። ጓሮ ለመግባት ደግሞ መጀመሪያ ሻይ መጠጣት ያስፈልጋል። ማሽኑ ከምን ተሠራ ብትሉኝ፣ ግማሹ ከሻይ ነው።

የመጀመሪያው ጓሮ በኢትዮጵያው በኩል የአንዲት እናት ነበር። እዚያ ቡፌ ቆሟል። ቡፌ ስል፣ የኢትዮጵያ ሳሎን ሁሉ አንድ ወቅት የነበረው ያ ባለ መስታወት በር፣ የማይጠጣበት ብርጭቆና የማይቀርብበት ሳህን የሚደረደርበት፣ ከላዩ የሠርግ ፎቶ የሚቆምበት ዕቃ ማለቴ ነው። ልጆቻቸው አዲስ ሲገዙላቸው አሮጌው ወደ ጓሮ ወጥቶ የዶሮ ቤት ሆኗል። ዶሮዎቹ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው መንገደኛ ያያሉ።

«እማማ፣ ይሄን ቡፌ ይሸጡልኛል?»

«ምን ልታደርገው ነው ልጄ?»

«ጌም ልሠራበት።»

«የሠርጌ ቡፌ እኮ ነው!» አሉ፤ ዶሮዋን በግራ እጃቸው እያባረሩ።

ረጅም ድርድር ነበር። የሠርጉ ዓመት፣ የአናጢው ስም፣ ማን ማን በዚያ ቡፌ እንደቀና ሁሉ ዋጋው ውስጥ ገባ። እሱን ሁሉ አልፈን ልንጨባበጥ ስንል «ዶሮዎቹስ የት ይደሩ?» አሉኝ። በመጨረሻ በቡፌው ዋጋ ላይ የአዲስ ዶሮ ቤት መሥሪያ ጨምሬ ተስማማን። ጋሪ ላይ ጭነን በድንበሩ ስናልፍ ማንም ቀረጥ አልጠየቀንም። አንዱ ብቻ አፍንጫውን ይዞ «ቶሎ አሳልፉት» አለ።

ቡፌው ሲፈተሽ ጎኑ ቺፑድ ነበር፤ ቺፑድ ደግሞ አንዴ ዝናብ ከጠጣ አብጦ ይቀራል። ጀርባው ኮምፔርሳቶ፣ መሳቢያዎቹ ግን ደህና ጣውላ፣ መስታወቱም ጤነኛ ነው። ጫፉን አዘንብለን በመጋዝ ቆረጥነው። ስክሪን ይሆነናል ያልነው ከተዘጋ ኢንተርኔት ካፌ ያገኘነው ጀርባው የወጣ አሮጌ የኮምፒውተር ሞኒተር ነው። ቡፌ ጠባብ ስለሆነ የሞኒተሩ ጀርባ ወደ ኋላ ተርፎ ወጣ። የወጣውን በርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ሸፈንነው። ቆርቆሮው ላይ በእንግሊዝኛ «መሸጥም መለወጥም የተከለከለ» የሚል ጽሑፍ አለ። አንዱን ቆርቆሮ በስንት እንደገዛሁት አልናገርም።

ሳጥኑ ገና ባዶውን ሱቄ ደጃፍ ሲቆም ግምቱ ተጀመረ። አንዱ ጎረቤት የስልክ ካርድ መሸጫ ነው አለ። አንዷ፣ እግዜር ይይላትና፣ «ማን ሞቶ ነው?» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ የሚነዳ ወጣት ልብስ መሞከሪያ ክፍል መስሎት ገብቶ ሊቆም ሞከረ። የቡና ጀበና ማሞቂያ የሚል ግምትም ነበር፤ እሱ እንኳ ከሐሳባችን የተሻለ ሥራ ይመስለኛል።

ሲስቁብኝ የምነግራቸው አንድ ታሪክ ነበረኝ። እ.ኤ.አ. በ1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ አታሪ የሚባል ገና የተወለደ ኩባንያ አለቃ ኖላን ቡሽኔል፣ አለን አልኮርን የተባለ አዲስ ተቀጣሪ መሐንዲስ ጠርቶ «ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር ውል አለን፤ የቴኒስ ጨዋታ ሥራ» አለው። ውል የሚባል ነገር አልነበረም፤ እጁን እንዲያፍታታ ነው የዋሸው። አልኮርን በ75 ዶላር ከሱቅ የሂታቺ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ገዛ፤ 4 ጫማ ከፍታ ያለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ሽቦውን አንድ በአንድ በሶልደር አያያዘው። ፖንግ የሚባለው ጨዋታ በዚህ መልክ ተወለደ። ሰኒቬል በምትባል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት አስቀመጡት። ጥቂት ቆይቶ የመጠጥ ቤቱ ሰው «ማሽናችሁ ተበላሽቷል» ብሎ ደወለ። አልኮርን ሄዶ ሲከፍተው ብልሽቱ ሌላ አልነበረም፦ የሳንቲም መያዣው ሞልቶ ፈስሷል። እንዲህ ያለ ብልሽት እንዲደርስብኝ ነው እኔ የምጸልየው አልኳቸው። «አሜን» ያለኝ የስልክ ካርድ መስሎት የነበረው ሰውዬ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፈንዲው እንምጣ። እዚህ ጠጋኝ ሁሉ ፈንዲ ይባላል፤ ሬዲዮ ቢሠራ፣ ጫማ ቢሰፋ፣ ግድግዳ ቢያቆም። የእኛ ፈንዲ ቡርጂ ነው፤ አማርኛውም ኪስዋሂሊውም አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተስማምተው ያድራሉ። ሞኒተሩን ከመክፈቱ በፊት ልጆቹን ሁሉ ከሱቁ አስወጣ። ከዚያ የካቻቢቴውን ብረት በሽቦ ከሞኒተሩ የብረት አካል ጋር አሰረ፤ አንድ እጁን ኪሱ ከተተ፤ በሌላኛው እጁ ካቻቢቴውን በፕላስቲክ እጀታው ይዞ በብርጭቆው ጎን ላይ ባለችው የላስቲክ ቆብ ሥር ቀስ አድርጎ አሾለከው። «ጧ!» አለ። ሰማያዊ ብልጭታ ታየችን። እንዲህ ያለ ስክሪን ሲሠራ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይሸከማል፤ ከተነቀለ በኋላም የተወሰነውን ደብቆ ሊያቆይ ይችላል። አንዱን እጅ ኪስ መክተቱም ለኩራት አይደለም። ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መንገዱ በልብ ላይ ነው። ፈንዲው ካቻቢቴውን አስቀመጠና «ምዜ፣ ይቺ ጧ ያለችው ለብቻዋ ትታሰባለች» አለኝ።

ሞኒተሩን ከሳጥኑ ጋር የሚያስሩ ብሎኖች ተገኙ፤ ሁለት ሮንዴላ ግን ጠፋ። ፈንዲው በዚያ ልክ ሮንዴላ በሁለቱም ሞያሌ እንደሌለ በእናቱ ማለ። ስለዚህ ስክሪናችን አንድ ልጅ ቁልፍ በመታ ቁጥር ይነቀነቅ ነበር።

ከሥራው ሁሉ እኔን የማረከኝ ማንሻው ነው። ከውጭ ሲያዩት ረቂቅ ነገር ይመስላል። ሲፈታ ግን አንድ ዘንግና አራት ትንንሽ ስዊች ብቻ ነው። ዘንጉ ሲዘነበል በዚያ በኩል ያለችውን ስዊች ይነካል፤ ስዊቿ «ጠቅ» ትላለች፤ ኮምፒውተሩ ወደዚያ ይሄዳል። አራት ስዊች ከየት ይምጣ? ፈንዲው ሳያስብ «ማይክሮዌቭ አምጣ» አለኝ። ለካ ማይክሮዌቭ በሩ ሲከፈት ወዲያው እንዲያቆም፣ ምግብ የሚያሞቀው ጨረር ወደ ሰው እንዳይወጣ፣ በበሩ መቆለፊያ በኩል ሦስት ስዊች ይቀመጥለታል። አንዱ ቢታመም ሌላው ይጠብቃል። ሦስት! ማንሻ የሚፈልገው አራት ነው። አንድ ማይክሮዌቭ አይበቃም፤ ሁለት ደግሞ ይተርፋል።

አንዱን ከአረብ አገር የተመለሰች ጎረቤት ሰጠችን፤ ሁለተኛው ከአንድ ማረፊያ ቤት ጓሮ በብዙ ሻይ ተገኘ። ከሁለቱ ስድስት ስዊች ወጣ። አራቱ ለማንሻው ሆኑ፣ አምስተኛው ለሳንቲሙ ተቀመጠ። ስድስተኛውን ፈንዲው «ለመጠባበቂያ» ብሎ ኪሱ ከተተው፤ እስካሁንም እዚያው እየተጠባበቀ ነው። የዘንጉ ጫፍ የኢሱዙ መኪና የማርሽ እጀታ ነው፤ የአምስቱ ማርሽ ሥዕል ከነሪቨርሱ አናቱ ላይ ተቀርጿል። «ጋሼ፣ አምስተኛ ሳስገባ ይፈጥናል?» የማይለኝ ልጅ የለም። የመተኮሻ ቁልፎቹ የበር መጥሪያ ደወል ናቸው። በዚህ በኩል ከተማችን አታሳፍርም፤ ደወሉ የማይሠራ በር ሞልቷል።

እነዚህን ሁሉ ከኮምፒውተሩ ጋር ያስማማው አሮጌ ኪቦርድ ነው። ኪቦርድ ሲከፈት ውስጡ መስመር የታተመባቸው ሁለት የፕላስቲክ ሉሆች አሉ። ቁልፍ ሲጫን የላይኛው መስመር ከታችኛው ጋር ይነካካል፤ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቦርድ የትኛው ከየትኛው እንደተነካካ አይታ ፊደሉን ታውቃለች። ሉሁን ጥለን ቦርዷን ወስደን የእኛን ሽቦ በመስመሮቹ ቦታ በየድን። ችግሩ ይህች ቦርድ መስመር የሚጋሩ ሦስት ቁልፎች በአንዴ ሲጫኑ መስመሩ ይምታታባትና ማንም ያልነካው አራተኛ ቁልፍ ተጫነ ብላ ትመሰክራለች። በእኛ ማሽን አንድ ልጅ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝና ተኩስ አንድ ላይ ሲጫን ያ አራተኛው ቁልፍ ጨዋታውን የሚዘጋው ሆኖ ተገኘ። ይህም የሚሆነው ሁልጊዜ ፍልሚያው ሲጦፍ ነው። ፈንዲው ሽቦዎቹን ወደ ሌላ መስመር እስኪያዛውር ድረስ ሰፈሩ በሙሉ «ማሽኑ ሊሸነፍ ሲል ያኮርፋል» ብሎ አመነ። አሁንም የሚያምኑ አሉ።

ኮምፒውተሩ ከተማሪ ጠረጴዛ ሥር ወጥቶ ቆሻሻ የሚጠባበቅ አሮጌ ፔንቲየም ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። ጨዋታ የሚያስነሳልን ፕሮግራም «ሜም» ይባላል። ኒኮላ ሳልሞሪያ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ነው። የድሮዎቹን ማሽኖች አንጀት አስመስሎ ስለሚሠራ፣ አሮጌው ጨዋታ በገዛ ቤቱ ያለ ይመስለዋል። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ጨዋታዎቹ ግን አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው። «ሮቢ ሮቶ»ን የመሰሉ ጥቂቶችን ባለቤቶቻቸው ገንዘብ እስካልተሠራባቸው ድረስ ይጫወቱ ብለው ለቀዋቸዋል። ይህቺን «ገንዘብ እስካልተሠራባቸው» የምትል ሐረግ ልጁ ሲያነብልኝ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ዓይኑ የኬይን የዋጋ ተመን ላይ ነበርና።

መብራቱ ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ኬንያ ሞያሌ መብራት የሚመጣላት ከኢትዮጵያ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሽያጭ ሳይጀምር በፊት እኛ የኢትዮጵያ መብራት ደንበኞች ነበርን። ግድግዳችን ላይ ያለው ሶኬት ግን የእንግሊዝ ነው፤ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው። ስለዚህ የኢትዮጵያ መብራት በእንግሊዝ ሶኬት ወጥቶ፣ ከኢትዮጵያ በመጣ ባለ ሁለት ክብ እግር ገመድ ወደ ቡፌው መግባት አለበት። የእንግሊዙ ሶኬት ደግሞ ሦስተኛው እግር የላይኛውን ቀዳዳ ካልገፋለት የታችኞቹን ሁለት አይከፍትም። እዚህ ቤት ሁሉ ከሶኬት አጠገብ የማይጽፍ እስክርቢቶ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። በላይኛው ቀዳዳ እስክርቢቶ ይገባል፣ መከለያው ይነሣል፣ ባለ ሁለት እግሩ ይሰካል። አይመከርም። ግን አስማሚ ልግዛ ብሎ ሱቅ የሚሄድ ሰውም ባለሱቁ መጀመሪያ እስክርቢቶ ያሳየዋል።

ከሁሉ የከበደው የሳንቲሙ ነገር ነበር። ኬንያ ውስጥ ሳንቲም የሚጎርስ ሳጥን ደጃፍህ ማቆም ቀላል ነገር አይደለም። ከቻይና የገቡ የቁማር ማሽኖች በየመንደሩ ሱቅ ተተክለው የተማሪውን የምሳ ገንዘብ ሲበሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የያኔው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ፍሬድ ማቲያንጊ ዘመቻ ከፍተው ማሽኖቹ እየተሰበሰቡ ተቃጥለዋል። የሰፈሩ ሽማግሌ ይህን አስታውሰው ሊመክሩኝ መጡ። «ቁማር ነው?» አሉኝ። «አይደለም አባባ፣ ጨዋታ ነው» አልኩ። «ሰው ሳንቲም ያስገባል?» «ያስገባል።» «ያሸንፋል?» «አንዳንዴ።» «ምን ያገኛል?» «ምንም።» ጥቂት አሰቡና «እንግዲያማ ከቁማርም ይብሳል» አሉኝ።

ሌላው ጥያቄ የማን ሳንቲም የሚለው ነው። የኬንያ የ10 ሽልንግ ሳንቲም ላይ አንበሳ አለ፤ የኢትዮጵያ የ1 ብር ሳንቲም ላይም አንበሳ አለ። መጠናቸው ግን ይለያያል፤ ዋጋቸውማ አይነሣ። በዚያ ላይ ትልቅ ሰው ሁሉ በስልኩ፣ በኤምፔሳ ስለሚከፍል ሳንቲም የሚገኘው ልጆች እጅ ብቻ ነው። ሽልንግ ብቻ ብል ከወዲያ ማዶ የሚመጡት ይቀየማሉ፤ ብር ብቻ ብል የወዲህኞቹ።

ለሁሉም መላ የሰጠው ልጁ ነው። ሳንቲሙ ከላይ ገብቶ በአሮጌ የመጋረጃ ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ መንገድ ላይ የአምስተኛዋን ስዊች ቀጭን ሽቦ ነክቶ ያልፋል፤ ጨዋታው ይነሣል፤ ሳንቲሙ ከታች ይወጣና ለባለቤቱ ይመለሳል። ገንዘብ ስላልተሠራ የጨዋታው ባለቤት አይከፋም፤ ቁማር ስላልሆነ ሽማግሌው አይቆጡም፤ ሐዲዱ ሰፊ ስለሆነ የማንም አገር አንበሳ ያልፋል። እኔ ብቻ ነኝ ከዚህ ስምምነት ምንም ያላገኘሁት።

የሥራ ሰዓቱን ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ልጆች ከትምህርት ሲመለሱ አደረግነው። በዚህ እንኳ አልተጣላንም። ኪስዋሂሊም ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር አሥር ሰዓት ለሁሉም አሥር ሰዓት ነው፤ የሚቃወመው ስልኩ ብቻ ነው።

በመክፈቻው ዕለት ቀድሞ የቆመው ልጅ አልነበረም፤ አንድ የእኔ እኩያ የጆተኒ አርበኛ ነው። እኛ ያደግነው በጆተኒ ነው። ጆተኒ አናጢና ብረት ሠሪ ተስማምተው የሚሠሩት፣ መብራት የማይፈልግ ጌም ነው፤ ብረቱን ስታዞረው ይንጫጫል፤ ደንቡም ግልጽ ነው፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ሰውዬው ማንሻውን በሁለት እጁ ይዞ እንደለመደው በኃይል ሊያሽከረክረው ሲል ቡፌው ተንገዳገደ። የተጫወተው ከሰማይ የሚወርዱ ወራሪዎችን የሚያስተኩሰውን ዝነኛ ጨዋታ የሚመስል፣ በነፃ የሚሰጥ ጨዋታ ነው። ዋናውን ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሚባል ጃፓናዊ ለታይቶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው የሠራው። በዋናው ወራሪዎቹ ሲያልቁ የቀሩት የሚፈጥኑት ሆን ተብሎ አልነበረም። የማሽኑ አንጎል ሁሉንም በአንዴ ሲሥል ስለሚደክመው ነው ቀስ የሚሉት፤ ቁጥራቸው ሲያንስ ሸክሙ ይቀልለትና ይሮጣል። ኒሺካዶ አይቶ «እንዲያውም ጥሩ ነው» ብሎ ተወው። በጨዋታው ምክንያት ጃፓን ውስጥ ሳንቲም አለቀ ተብሎ የሚወራው ግን ተረት ነው፤ ደስ ስለሚል ብቻ ነው የማይሞተው። አርበኛው ሦስቱንም ነፍሱን አጥቶ ሲያበቃ ዞር ብሎ «ማነው የሚከፍለው?» አለኝ። ማንም አይከፍልም ስለው ሽንፈቱ ይበልጥ መረረው።

ከዚያ ባለ ድርሻዎች መምጣት ጀመሩ። የማይክሮዌቯ ጎረቤት «ወደ ግራ የምትሄደው የእኔ ናት» ብላ ልጇን ከሰልፉ ፊት አቆመች። የኢንተርኔት ካፌው ሰውዬ ስክሪኑን በሰጠኝ ጊዜ ሬሳ ነው ብሎኝ ነበር፤ አሁን ለሰው ሲያሳይ «ሶኒ ነው፣ እንደዚህ አይሠሩም አሁን» ይላል። ቡፌውን የሸጡልኝ እናት አንድ ቅዳሜ ድንበር ተሻግረው መጡ። መስታወታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ማንሻውንም ደወሉንም ትተው አናቱን ዳሰሱ። «እዚህ ጋ ነበረ ፎቶው» አሉ። ከዚያ ለልጆቹ ቡና ጠጡ ብለው አፈሉ፤ ረከቦታቸውን የት ቢያስቀምጡት ጥሩ ነው? አናቱ ላይ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑ ላይ ጀበና ይቀመጣል፤ ልጆቹ ስኒው እንዳይወድቅ በጥንቃቄ ይተኩሳሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳንቲም መሃል መንገድ ላይ ተቀረቀረ። ሰልፉ ቆመ፤ ጩኸቱ በረታ፤ ሁሉም የእኔ ነው ይላል። ካቻቢቴ አምጥቼ የመጋረጃውን ሐዲድ ፈታሁት። ሳንቲም አልነበረም። ጎን ለጎን ገብተው የተጣበቁ ሁለት ሮንዴላዎች ናቸው፤ ዳራቸው በእጅ ብዛት ያብለጨልጫል። «የማነው?» ስል ልጆቹ በሙሉ የፈንዲውን ልጆች አዩ። ሁለቱ ወንድማማቾች በሩን አዩ።

ወስጄ በሞኒተሩ ብሎን ላይ ለካኋቸው። በልካቸው ተሰፍተዋል። ሁለቱንም አስገብቼ አጠበቅኳቸው፤ ቁልፉን በኃይል መታሁት፤ ስክሪኑ ንቅንቅ አላለም። ለትልቁ ልጅ በምትኩ የ1 ብር ሳንቲም ሰጠሁት። ወዲያና ወዲህ ገልብጦ አየውና አንገቱ ላይ ያለውን ባዶ ክር እያሳየ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ቀዳዳ የለውም እኮ፤ በምን ላንጠልጥለው?» አለኝ።